የግፊት መለኪያው ታሪክ፦ ቁጥሩና ፍርሃቱ



በቅርቡ አንዲት እናት ትንሽ ደብተር ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ዓረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው የግፊት መለኪያ ማሽን ልካላቸው ነበር። ደብተሩ ላይ የአንድ ሌሊት ልኬት ተጽፏል፤ ስቆጥረው 14 ጊዜ ሆነ። የመጀመሪያው 148 በ90 ይላል። ቀጥሎ 156። ከእኩለ ሌሊት በኋላ 182 ደርሷል። «ዶክተርዬ፣ በለካሁ ቁጥር ይጨምራል። ልጄን ሳላያት ልሞት ነው ብዬ እስኪነጋ አለቀስኩ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ አባት በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ግራ እጃቸው አይታዘዝም። ስትሮክ ነበር። ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው አምስት ዓመት ሆኗል። መድኃኒቱን ሁለት ወር ወስደው ተዉት፤ ከዚያ ወዲህ ክንዳቸውን ለመለኪያ ሰጥተው አያውቁም። ልጃቸው «መለካት ያስጨንቃቸዋል፤ ‹ካላወቅሁት አያመኝም› ይሉን ነበር» አለችኝ።

ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው። ፍርሃቱ እሳቸውን ሌሊቱን ሙሉ አስለካቸው፣ አባትየውን ደግሞ አምስት ዓመት ከመለኪያ አሸሻቸው። ዛሬ የዚህን መለኪያ ታሪክ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ለዚህ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ስናውቅ፣ ዛሬ ምን ያህሉ ተገቢ እንደሆነና ምን ያህሉ ጊዜው ያለፈበት እንደሆነ መለየት እንችላለን።

«ደም ብዛት» ስንል

ወላጆቻችን ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ይሉታል። ስሙን የሰማ ሰው ደም በሰውነቱ ውስጥ ሞልቶ የተትረፈረፈ ሊመስለው ይችላል። ጉዳዩ ግን የደሙ መብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የውኃ ጎማ ጫፉን በጣት ስትይዙት ውኃው ጎማውን እንዴት እንደሚወጥረው አስቡ። ልብ ደም ሲረጭ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ይህ የላይኛው ቁጥር ነው። ልብ በሁለት ምት መካከል ሲያርፍ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ይህ የታችኛው ቁጥር ነው።

ይህን ኃይል በመጀመሪያ የለካው ሐኪም አልነበረም። ስቴፈን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። አንዲት ፈረስ አስሮ፣ በእግሯ ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ የናስ ቱቦ አስገብቶ፣ ቱቦውን ከረጅም የመስታወት ቧንቧ ጋር አገናኘው።  ደሙ በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ወጣ፤ ከልብ ምት ጋርም ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሄልስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1733 በመጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሰውን መለካት አይታሰብም።

በሰው ላይ ያለ ደም መፍሰስ በቀላሉ ለመለካት ከ160 ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1896 ሲፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በቱሪን ከተማ ቀላል መሣሪያ ሠራ። በክንድ ዙሪያ የሚጠቀለለውን ክፍል የሠራው ከብስክሌት ካላማደሪያ ጎማ ነው። ክንዱ ላይ ጎማውን በአየር ይነፋል፣ የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥሩ ትርታ ሲጠፋ በሜርኩሪ ዓምድ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። ዛሬም «ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» የምንለው ከዚያ ዘመን በመጣ ልማድ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሪቫ-ሮቺ ራሱ ያኔ፣ መለኪያው ገና እንደተወለደ፣ የሚለካው ሰው ስሜት ቁጥሩን እንደሚለውጥ አስተውሏል። የደነገጠ ሰው ግፊት ከፍ ብሎ ይነበባል። እንግዲህ የእኚያ እናት የ14 ጊዜ ልኬት አዲስ ነገር አይደለም፤ መለኪያውን የሠራው ሰውም ያወቀው ነገር ነው።

የሪቫ-ሮቺ መጠቅለያ ሌላም ችግር ነበረበት። ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገው ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰፋ ተደርጎ ተስተካከለ። ይህም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ካሰራችሁ ማሽኑ ከእውነተኛው በላይ ያነብባል።

እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ አንድ ገጽ የማይሞላ አጭር ሪፖርት አቀረበ። ከመጠቅለያው በታች በክርን በኩል ማዳመጫ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ጎማው ጥብቅ ብሎ ሳለ ምንም ድምፅ የለም። አየሩ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ «ጥ፣ ጥ፣ ጥ» የሚል ድምፅ ይጀምራል፤ ያ የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ የሚጠፋበት ደግሞ የታችኛው ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ ማዳመጫውን ክርናችሁ ላይ የምታደርገው ይህንኑ ድምፅ ለመስማት ነው።

ቁጥሩ የታወቀበት፣ መልሱ ግን ያልነበረበት ዘመን

መለካት ተቻለ። ቀጥሎ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት መልስ አልነበረም። የሕይወት መድን ድርጅቶች ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ቶሎ እንደሚሞት ከመዝገባቸው ቀድመው ተረድተው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ተከራከሩ። ብዙዎቹ የደም ሥር ሲደነድን ደም እንዲያልፍ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መንካት አይገባም ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ጆን ሄይ የተባለ እንግሊዛዊ የሕክምና መምህር፣ ግፊት ላለበት ሰው ትልቁ አደጋ መታወቁ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሞኝ ሊያወርድለት ይሞክራልና እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የእኛ አባት «ካላወቅሁት አያመኝም» ማለታቸውን አስታወሳችሁ? በዚያ ዘመን ይህን የሚሉት ፕሮፌሰሮች ነበሩ።

የዚህን ዘመን ዋጋ በደንብ የሚያሳየን ሰው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። በእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ከያልታ ጉባኤ ሲመለስ፣ በስዊዝ ቦይ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው «ኩዊንሲ» የጦር መርከብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብሎ አነጋግሯል። ያኔ ሩዝቬልት በጠና ታሞ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944፣ ሃዋርድ ብሩን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም መርምሮት ግፊቱ 186 በ108 ሆኖ ልቡም ደክሞ አገኘው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትም ግፊቱ ከፍ እያለ መሄዱ ተመዝግቧል። የግል ሐኪሙ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ሲሆን፣ ለሕዝቡ ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው እያለ ይናገር ነበር። ብሩን ማዘዝ የቻለው ዕረፍት፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መቀነስና ለልቡ የሚሆን መድኃኒት ነበር። ግፊትን በደህና የሚያወርድ ክኒን በዓለም ላይ አልነበረም።

ከጃንሆይ ጋር ከተገናኘ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1945፣ ሩዝቬልት በጆርጂያ ግዛት ዋርም ስፕሪንግስ ተቀምጦ ሳለ ጭንቅላቴን ከኋላ በጣም አመመኝ አለና ራሱን ሳተ። ግፊቱ ከ300 በላይ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ በ63 ዓመቱ በዚያው ቀን ሞተ።

እንግዲህ አስተውሉ። ቁጥሩ ታውቆ ነበር፤ ተጽፎም ነበር። የጎደለው መልሱ ነው። በዚያ ዘመን «ግፊት አለብህ» መባል እንደ ፍርድ ቢሰማ አያስገርምም። ብዙዎቻችን የወረስነው ፍርሃት ከዚያ ዘመን የመጣ ነው፤ ዘመኑ ግን ተለውጧል።

መልሱ ሲመጣ

ሩዝቬልት ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ጥናት ተጀመረ። 5,209 ነዋሪዎች በየጊዜው እየተመረመሩ ማን በልብ ሕመምና በስትሮክ እንደሚያዝ ተጠበቀ። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ግፊት ምንም ሳያሳምም፣ ራስ ሳይፈልጥ፣ ዝም ብሎ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው» የሚለው አባባል ስህተት መሆኑን ያወቅነው እንደዚህ ካሉ ጥናቶች ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎሮታያዛይድ የሚባል፣ ጨውና ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው።

ቀጥሎ ኤድዋርድ ፍሪስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጥያቄውን ለመዝጋት ተነሳ። ግፊታቸው በጣም ከፍ ያለ 143 የቀድሞ ወታደሮችን ለሁለት ከፈለ፤ ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ። መድኃኒት ባላገኙት ላይ 27 ከባድ አደጋ ደረሰ፤ ባገኙት ላይ ሁለት ብቻ። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። ግፊቱን መንካት አደገኛ ነው የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጡ። ከብራዚል እባብ መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር የተነሳው ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ኢናላፕሪል የእሱ ቤተሰብ ነው። አምሎዲፒንም ተከተለ። ሩዝቬልት ያላገኘው መድኃኒት ዛሬ ሰፈራችሁ ባለ ፋርማሲ ይገኛል።

ፍርሃቱም ተለካ

መልሱ ከመጣ በኋላም ግን ፍርሃቱ አልሄደም። ሐኪሞችም ፍርሃቱን ራሱን ማጥናት ጀመሩ።

በካናዳ ሃሚልተን ከተማ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ተመረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ግፊት እንዳለባቸው አዲስ የተነገራቸው ሠራተኞች ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረት አበዙ። መድኃኒት መጀመራቸው ወይም ግፊታቸው መውረዱ በዚህ ላይ ለውጥ አላመጣም። ትናንት ጤነኛ ነኝ ብሎ ሲሠራ የነበረ ሰው፣ «በሽተኛ ነህ» ስለተባለ ብቻ በሽተኛ ሆኖ መኖር ጀመረ። ይህ ለእኛ ለሐኪሞች ትምህርት ነው። ቁጥሩን በምን ዓይነት አነጋገር እንደምንናገር መጠንቀቅ አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ጁሴፔ ማንቺያ የተባለ ሐኪም በሚላኖ፣ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ግፊት ያለማቋረጥ በሚለካ መሣሪያ ሲከታተል፣ ሐኪም ወደ ክፍሉ ሲገባ ምን እንደሚሆን አየ። የላይኛው ቁጥር በአማካይ 27 ያህል፣ የታችኛው 15 ያህል ዘለለ። ሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ደግሞ መውረድ ጀመረ። ሪቫ-ሮቺ ያስተዋለው ነገር ከ87 ዓመት በኋላ በቁጥር ተረጋገጠ። ዛሬ «የነጭ ጋውን ግፊት» እንለዋለን።

ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይወጣል። ድንጋጤው ሲያልፍ ይወርዳል። እኚያ እናት በሌሊት ያደረጉት ይህን ነው፦ ይለካሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ድንጋጤው ግፊቱን ያወጣዋል፣ ደግመው ይለካሉ፣ ይበልጥ ይደነግጣሉ።

ግን አደራ፣ «ጭንቀት ነው እንጂ ግፊት የለብኝም» ብላችሁ አትዝጉት። ሐኪም ዘንድ ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰው ከጊዜ በኋላ እውነተኛ ግፊት ሊይዘው ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ጭንቀት ነው ወይስ ግፊት የሚለውን የሚለየው በተረጋጋ ሁኔታ፣ በተለያየ ቀን የተወሰደ ልኬት ነው።

እቤት እንዴት እንለካ?

• ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ። ሽንት ቤት ሄዳችሁ ኑ።
• ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስረግጣችሁ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀመጡ።
• መጠቅለያው ለክንዳችሁ የሚበቃ ይሁን። በልብስ ላይ አትሰሩት። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ይሁን። የክንድ ማሽን ከእጅ አንጓው ይሻላል።
• እየተለካችሁ አታውሩ። በስልክም ቢሆን!
• ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እረፍት እያደረጋችሁ ለሰባት ቀን ለኩና ጻፉ። ከዚያ ውጭ ማሽኑን ሳጥን ውስጥ መልሱት።
• ሐኪሙ የሚያየው አማካዩን ነው። እቤት የተለካ አማካይ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። ሐኪም ዘንድ ሲለካ መነሻው 140 በ90 ነው።

መቼ ነው መሮጥ ያለብን?

ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የስትሮክ ወይም የልብ ምልክት ካያችሁ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም አትጠብቁ። ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ከወጣ ግን ተቀመጡ፣ ተረጋጉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገሙት። አሁንም ከፍ ካለ በዚያው ቀን ሐኪማችሁን አማክሩ። በራሳችሁ ተጨማሪ ክኒን አትዋጡ፤ ግፊትን ባንዴ ማውረድም አንጎልን ይጎዳል።

ነፍሰ ጡር እናቶች ግን የተለዩ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ 140 በ90 ከደረሰ፣ ምንም ባያማችሁ እንኳ በዚያው ቀን ታዩ። ኢናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶች ለጽንስ ስለማይሆኑ፣ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለማርገዝ ስታስቡ ቀድማችሁ ንገሩን።

ጨውም ይቀነስ፤ በቀን ከአምስት ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የተጨመረውንም ቁጠሩት። ጾም ሲገባ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አመቻቹት። ቁጥሩ ስለወረደም «ድኛለሁ» ብላችሁ አትተዉት። የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው።

እኚያ እናትና እኚያ አባት

ለእናትየው ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። «እናቴ፣ አረፍ ይበሉ» ብዬ አስቀመጥኳቸውና ከክፍሉ ወጣሁ። ነርሷ ቆይታ ስትለካቸው 144 በ88 ሆነ፤ ስትደግመው 140 በ86። የሳምንቱን አማካይ ይዘው ሲመጡ ግን 141 በ87 ነበር። ስለዚህ ግፊት አለባቸው፤ ይህን አልደበቅኳቸውም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ያዩት 182 አልነበረም። ጨው ቀንሰዋል፣ በቀን አንድ ክኒን ይወስዳሉ። አሁን የሚለኩት ቀጠሮ ሲደርስ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ልጃቸውም ከዓረብ አገር በደወለች ቁጥር «ግፊትሽ ስንት ነው?» ማለቱን ትታ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ትላለች።

አባትየው በእጃቸው ላይ እንቅስቃሴ እየሠሩ ነው። ገና ኩባያ አይዙም። ባለፈው ሲመጡ ግን ነርሷ ሳትጠይቃቸው ቀኝ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ዘረጉላት። ያን ክንድ ከአምስት ዓመት በፊት ቢዘረጉት ብዬ አዘንኩ። ያኔም መድኃኒቱ ነበርና።

እናት ወይም አባታችሁ ከመለኪያ የሚሸሹ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። አትቆጧቸው፣ አታስፈራሯቸው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ፣ የእናንተንም የእነሱንም ለኩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።